ለውጭ የተሠራ ዕድሜ

«ሕፃን ናት እኮ ጌታዬ! ሕፃን ደግሞ ስለ ገንዘብ ምን ያውቃል?»

ጥሩሐረግ ይህን የሰማችው ሰቆጣ ውስጥ ካለ አንድ የመንግሥት ቢሮ ኮሪደር ላይ፣ ከእናቷ ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ተናጋሪው የአባቷ ታናሽ ወንድም ገብረ ጻድቅ ነው። እሷ ስታናግረው አንቱ ትለዋለች፤ ያደገችበት ደንብ ነውና ትበለው። እኛ ግን ምንም ውለታ የለብንምና ገብረ ጻድቅ ብለን እንቀጥል። በሩ ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ በኩል የአጎቷ ጫማ ይታያታል፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ቡናማ፣ አዲስ ጫማ። የገዛችለት እሷ ናት። ለፋሲካ «የአባትሽ ምትክ በዚህ ቅዳዳ ጫማ ሲሄድ እያየሽ ዝም ትያለሽ?» ብሎ ጎረቤት በተሰበሰበበት ስለተናገረ፣ ከጧፍ ሽያጩ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር አውጥታ ገዛችለት። ያን ቀን ሕፃን አልነበረችም። ሕፃንነቷ የጀመረው ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የቢሮው በር ሲከፈት ነው።

ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ግማሽ ቀን ትማራለች፤ በቀረው ቀን ጧፍ ትሠራለች። ከጋዝጊብላ በኩል ለገበያ የሚመጡ ሰዎች ከማሩ ተጨምቆ የቀረውን ሰፈፍ በኬሻ ያመጡላታል። እሷ ታቀልጠዋለች፣ በጨርቅ ታጠልለዋለች፣ የተገመደውን የጥጥ ክር ሰሙ ውስጥ እየነከረች በመዳፏ ታሻሸዋለች። ያስተማራት አባቷ ማንደፍሮ ነው፤ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ገበያው ውስጥ ሰሙን ከሌላ ነገር ጋር እየደባለቁ የሚሸጡ ሞልተዋል። የእሷ ጧፍ ግን አይጨስም፣ የሰው እጅ ላይም አይንጠባጠብም። ስለዚህ የየደብሩ ሰው «የማንደፍሮ ልጅ ጧፍ» እያለ ጠይቆ ይገዛል። የሚኖሩት በወር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር በሚከፈልባት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ በአንድ ጥግ አልጋው፣ በሌላው ጥግ የከሰል ምድጃውና የሰሙ ድስት። ደብተሯ ሰም ነው፣ አንሶላው ሰም ነው፣ እንጀራው ሳይቀር ሰም ሰም ይላል። አከራይዋ በሳምንት ሁለቴ በር ላይ ቆመው «አንድ ቀን ቤቴን ታቃጥሉታላችሁ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ለዚህ ነው የሼዱ ነገር እንቅልፍ የነሳት። ከተማው ለአነስተኛ ሥራ የሚሆኑ የቆርቆሮ ክፍሎች ሠርቶ ዕጣ ሲያወጣ፣ ለእሷ ሰባት ቁጥር ደረሳት። ሄዳ አየቻት። ሦስት ሜትር በአራት ናት፣ መስኮት አላት፣ መብራት ገብቶላታል። ድስቱን የት እንደምታስቀምጥ፣ ጧፉን የት እንደምትሰቅል በእርምጃ ለክታ ወጣች። የጎደለው የንግድ ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱን እስከ ሐሙስ ማታ ካላመጣች ክፍሏ ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። ባለፈው ሰኞ ብቻዋን መጥታ ነበር። ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣችው አምሳለ የምትባለው የመዝገብ ሠራተኛ ቀና ብላ አየቻትና «አሥራ ስምንት ካልሞላሽ በራስሽ ስም መፈረም አትችይም። ሕጋዊ ሞግዚትሽ ይምጣ» አለቻት። ይህንኑ ቤት ሄዳ ለእናቷ ለብርሃነሽ አወራች። ገብረ ጻድቅም ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ሳይመሽ በሩ ላይ ደረሰ። «ሞግዚትሽ እኔ አይደለሁም እንዴ? ሽማግሌ የሰጠኝ!»

እውነት ነው፣ ሽማግሌ ሰጥቶታል። በማንደፍሮ ተዝካር ቀን፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ገብረ ጻድቅ ሆይ፣ የወንድምህን ቤት ከዛሬ ጀምሮ ለአንተ ሰጥተናል» አሉ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ አሜን አለ። ሞግዚትነቱ ይኸው ነው። ወረቀት የለ፣ ዳኛ የለ። የዚያ ቤት ሰው ግን፣ ብርሃነሽንም ጨምሮ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ተጠራጥሮ አያውቅም። አሜን ተብሎበታላ!

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ገብረ ጻድቅ ከቢሮው ወጣ። ከኋላው ምሳው የሚባለው የቢሮው ኃላፊ ተከትሎታል። ምሳው ሆዱን ወደፊት አስቀድሞ የሚሄድ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነው። «ነገሩ እያለቀ ነው፤ ምሳ በልተን እንጨርሰዋለን» አለ ገብረ ጻድቅ፣ ለጥሩሐረግ በዓይኑ እየጠቀሰ። አራቱም ወደ አንድ ሥጋ ቤት ሄዱ። አራቱም ማለት እንኳ አይሆንም፤ ሁለቱ ወንዶች ውስጥ ገቡ፣ እናትና ልጅ በረንዳው ላይ ካሉ ዱካዎች ላይ ተቀመጡ። አንድ ኪሎ የፍየል ጥብስ፣ አራት ቢራ፣ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ጥብስ፣ ደግሞ ሁለት ቢራ። ብርሃነሽ ከነጠላዋ ጫፍ የፈታችውን ዳቦ ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ለልጇ ሰጠች።  እነዚህ ሁለት ሰዎች ከተነጋገሩ ቆይተዋል። «ውሃ አለ?»፣ «ሰሙ ፈላ»፣ «አከራይዋ መጡ» ይባባላሉ፤ ለዚያም በአፍ መፍቻቸው በኽምጣኛ፣ በአጭሩ። ከውስጥ የምሳው ሳቅና አጥንት የሚግጥ ጥርስ ድምፅ ይሰማል። ገብረ ጻድቅ ጅማቱን ከጥርሱ በጣቱ እየጎረጎረ ወደ በረንዳው ብቅ አለና ሒሳቡን የያዘውን አስተናጋጅ ወደ ጥሩሐረግ አመለከተው። «ለእሷ ስጣት» አለ። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ ብር። ስለ ገንዘብ ምን ያውቃል የተባለው ሕፃን ቦርሳውን ከፍቶ ከፈለ።  

በኃላፊው በምሳው ላይ ጥሩሐረግ የቆየ ቂም አላት። ምሳው ወደዚህ ቢሮ ከመዛወሩ በፊት ቀበሌ ውስጥ መታወቂያ የሚፈርም ሰው ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥሩሐረግ አሥራ አራት ዓመት ከስምንት ወሯ ሳለ፣ ገብረ ጻድቅ ወደ ፎቶ ቤት ወሰዳት። ፀጉሯን በሻሽ አሠሯት፣ ከንፈሯን ቀለም ቀቧት፣ «ኮስተር በይ፣ አትሳቂ» አሏት። በሦስተኛው ቀን መታወቂያ መጣ፤ ዕድሜ ሃያ ሦስት። እንግዲህ ሃያ ሦስት ዓመት ለሞላት ሴት አረብ አገር ሄዳ የሰው ቤት መጥረግ ምን ይከብዳታል? ወልድያ አንድ ደላላ ቤት ውስጥ ከሌሎች አሥራ አንድ ልጆች ጋር ዘጠኝ ቀን ተቆለፈባት። መጸዳጃው ባልዲ ነበር። በአሥረኛው ቀን ፖሊስ ቤቱን ሰብሮ ገብቶ ሁሉንም ወደየቤታቸው መለሰ። ደላላው ለገብረ ጻድቅ ምን እንደሰጠው የሚያውቅ የለም፤ ያን ሰሞን ግን የቤቱ ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ። እሷን እስከ ዛሬ የሚያቃጥላት ሌላ ነገር ነው። ለመታወቂያው የተሞላውን ቅጽ በዓይኗ አይታዋለች። ከታች «የወላጅ ማረጋገጫ» የሚል ቦታ ነበረው፤ እዚያ ላይ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ ነበረበት። የእናቷ ጣት ነው፤ ማጭድ የቆረጣት ሰንበሯ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከወልድያ ተመልሳ ስትመጣ ብርሃነሽ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጥሩሐረግ አላለቀሰችም። ለምን ጣቷን እንዳሳረፈች አልጠየቀቻትም፤ እናትየውም አልነገረቻትም። ከዚያ ወዲህ በዚያች አንዲት አልጋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታት ትተኛለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ቢሮው ተመለሱ። ብርሃነሽ እንደ ልማዷ ውጭ ቀረች፤ ጥሩሐረግ ግን ማንም ሳይጠራት ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ ትልቁ የምሳው፣ ትንሹ የአምሳለ። ከትልቁ ጠረጴዛ ላይ ተሞልቶ ያለቀ ቅጽ ተቀምጧል፤ ቀለሙ እንኳ አልደረቀም። ጥሩሐረግ ጎንበስ ብላ አነበበችው። የንግዱ ባለቤት፦ ገብረ ጻድቅ። የሥራው ዓይነት፦ ጧፍ ማምረትና መሸጥ። የሥራው ቦታ፦ ሼድ ቁጥር ሰባት። የሠራተኛ ብዛት፦ አንድ።

«ጋሼ፣ የእኔ ስም የት አለ?»

«አለሽበት እንጂ!» አለ ገብረ ጻድቅ፣ ቅር ብሎት። «ይኸው፣ ሠራተኛ አንድ ይላል። ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

ምሳው ሳቀ፤ ዓይኑ ጠፋ። ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣ ጥብስና ቢራ ቢራ እየሸተተ፣ ምክር ሊሰጣት ተዘጋጀ። «ምን መሰለሽ የእኔ ልጅ፣ ሕጉ ልጆችን ይጠብቃል። ባል ብታገቢ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር፤ ያገባች በሕግ እንደ ትልቅ ሰው ነው የምትቆጠረው።» ገብረ ጻድቅ ወዲያው ተቀበለው። «ጠያቂ መች ጠፋ! አንድ የደህና ቤት ሰው አናግሮኛል፤ ሚስቱ የሞተችበት። ወፍጮ አለው። አሁን ይሄን እንጨርስና ያኛውን ደግሞ…» ሁለቱም ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ገበያ ላይ ፍየል ሊገዛ የመጣ ሰው ጎኗን ከመዳሰሱ በፊት እንዲህ ያያታል። 

«ለጋብቻም አልደረሰችም» አለች አምሳለ ከትንሹ ጠረጴዛ፣ ቀና ሳትል።

ያኔ ነው ጥሩሐረግ እጇን ወደ ቦርሳዋ የሰደደችው። ያቺን መታወቂያ ለምን ሁለት ዓመት ሙሉ ይዛት እንደዞረች ራሷም አታውቅም። ከደብተሯ መሃል አወጣችና ቅጹ ላይ አስቀመጠቻት። «አሥራ ስምንት ካለፈኝ በራሴ እፈርማለሁ አይደል?» አለች። «ይኸው። ሃያ ሦስት ይላል፤ ዘንድሮ ሃያ አምስት ሞልቶኛል ማለት ነው። ፊርማው የእርስዎ ነው፣ አቶ ምሳው።»

 ምሳው መታወቂያዋን አነሣ፣ ገለበጠ፣ ፊርማውን አየ፤ እንደማያውቀው ሰው አየው። ገብረ ጻድቅ ጫማውን ማየት ጀመረ። ምሳው ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

«ይሄ… ይሄ ለውጭ ነው።»

«ለውጭ ማለት?»

«ለውጭ አገር ጉዞ የተሠራ ነው። እዚህ አያገለግልም። እዚህ አሥራ ስድስት ነሽ።»

ወይ ጉድ! ለሰው ቤት መጥረጊያ ሃያ አምስት፣ ለገዛ እጇ ሥራ አሥራ ስድስት! አንድ ሰው፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ አንዲትን ልጅ ሲፈልግ ያስረጃታል፣ ሲፈልግ ጡት ያስጠባታል፤ ይህንንም ሲናገር ድምፁ ላይ ቅንጣት እፍረት የለም። ጥሩሐረግ አልጮኸችም። አፏ ውስጥ የመጣው ምራቅ ነው፤ ምንጣፉ ላይ እንትፍ ማለት አማራት።

አምሳለ ከመቀመጫዋ ተነሣች። መታወቂያዋን ከምሳው እጅ ወሰደችና ፎቶውን አየች፤ ቀና ብላ ልጅቷን አየች፤ ደግሞ ፎቶውን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ወደ ገብረ ጻድቅ ዞረች። «የልጅቷ እናት በሕይወት አሉ?»

«አለች። ውጭ ተቀምጣለች።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ሆነው ነው የመጡት? አባት ሲሞት የልጅ ሞግዚት እናት ናት። ሌላ ሰው የሚሆነው ፍርድ ቤት ሲሾመው ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት አለዎት?»

«የምን ፍርድ ቤት! ተዝካሩ ላይ አገር በሞላ አሜን ብሎ ነው የሰጠኝ። የፈለግሽውን ያህል ምስክር አመጣልሻለሁ።»

«ምስክር አልጠየቅሁም። ወረቀት ነው የጠየቅሁት።»

 ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ ጫማውንም፣ ጥብሱንም፣ ቁጣውንም የቻሉት ለአንድ አሜን ነው። የቤቱ ባለሥልጣን ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታፍተለትላለች፤ ራሷም ሳታውቀው።

ምሳው መላ አላጣም። «ምን ችግር አለ? እናትየዋ ትግባና በአቶ ገብረ ጻድቅ ስም መሆኑን ተስማምቻለሁ ብላ ከሥር ትፈርማ። በቃ፣ አለቀ ማለት ነው። ጥሯት።» ብርሃነሽ ተጠርታ ገባች። ከበሩ አላለፈችም፤ እዚያው ቆማ ለሁሉም እጅ ነሣች። ገብረ ጻድቅ ሄዶ ክንዷን ያዘና ወደ ጠረጴዛው አመጣት፤ የማኅተሙን ቀለም ከፈተ። «ነይ፣ እዚህች ጋ ንኪ» አለ። አውራ ጣቷን እንደ ራሱ ዕቃ ያዘው። ጥሩሐረግ የእናቷን ጣት አየችው፤ ያው ሰንበር፣ ያው ጣት። አሁን ቀለም ሊነካ ነው፣ አሁን ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ነው፣ ሼድ ቁጥር ሰባትም፣ ድስቱም፣ አባቷ ያስተማራት ሥራም ሊሄድ ነው። ጥላቻዋ ሁሉ በዚያች ጣት ላይ ተሰበሰበ።

ብርሃነሽ ጣቷን መንጭቃ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

«ልጄ» አለች ወደ አምሳለ ዞራ፣ ኽምጣኛ ባለዘበው አማርኛዋ፤ «መጀመሪያ አንብቢልኝ።»

«ምኑ ይነበባል?» አለ ገብረ ጻድቅ። «የፈቃድ ወረቀት ነው አልኩሽ እኮ!»

«ያኔም የስንዴ ነው ብለውኝ ነበር።»

 ብርሃነሽ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ቀጠለች። «የእርዳታ ስንዴ ሊሰጥ ነው፣ ቶሎ ንኪ፣ መኪናው ሊሄድ ነው አሉኝ። ጣቴን ይዘው አስነኩኝ። በነጋታው ልጄን ወሰዱ። የት ሄደች ብል፣ አንቺ ራስሽ ፈርመሻል አሉኝ። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ምን ልበል? ለልጄ በምን አፌ ልንገራት?» ትንፋሽ ወሰደች። «ስንዴውንም አላየሁት።»

ጥሩሐረግ ለሁለት ዓመት ጀርባዋን የሰጠችው ለዚህች ሴት ነው። እናቷን ማየት አቃታት፤ አምሳለን አየች። አምሳለ የተሞላውን ቅጽ ከጠረጴዛው አንሥታ በቀስታ፣ ቃል በቃል አነበበችው። «የሠራተኛ ብዛት፦ አንድ» የሚለው ላይ ስትደርስ ብርሃነሽ «ሠራተኛዋ ማን ናት?» አለች። «ልጅዎ» አለች አምሳለ። ብርሃነሽ ራሷን ነቀነቀች። «አልነካም።»

 አምሳለ አዲስ ቅጽ አወጣችና ለእናትና ለልጅ አስረዳቻቸው፤ ፈቃዱ ለጊዜው በሞግዚቷ በእናትየው ስም ይወጣል፣ ልጅቷ አሥራ ስምንት ሲሞላት ወደ ስሟ እንዲዛወር ደግሞ እዚያው ማመልከቻ ይያያዛል። እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ብርሃነሽ እያንዳንዱን መስመር እሺ አለች፤ መጨረሻ ላይ ጣቷን ራሷ ቀለሙ ውስጥ ነክራ፣ ራሷ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። የቀረው የምሳው ፊርማ ነው። ምሳው እስክሪብቶውን እያገላበጠ «ለነገሩ ሰኞ ብትመጡ…» ሲል አምሳለ መታወቂያዋን ከጠረጴዛው መሃል፣ ልክ ከፊቱ አስቀመጠችለት። አየው። ፈረመ። ያላበውን ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ «ይቺን እዚሁ ተዉልኝ፤ የመንግሥት ንብረት ናት» ብሎ እጁን ወደ መታወቂያዋ ሰደደ። ብርሃነሽ ቀደመችው። ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ኮስተር በይ የተባለችውን፣ ከንፈሯን ቀለም የተቀባችውን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ጡቷ ሥር ከተተቻት። «የልጄ ፎቶ ናት» አለች። ሌላ ፎቶ የላትም።

ሼዱን የሚያስረክበው ሰው ጋ ሲደርሱ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ቁልፉን ተቀብለው ወደ ዋናው መንገድ ሲወጡ ገብረ ጻድቅ ከአንድ ሱቅ ጥግ ወጥቶ ተከተላቸው። የተቆጣ አይመስልም፤ ይህ ነው ከሁሉ የሚያስጠላው። ባጃጆቹ እየተንጫጩ ያልፋሉ። «እንግዲህ የሆነው ሆኗል፤ የአንድ ቤት ሰዎች ነን» አለ፣ ከጥሩሐረግ ጎን እየተራመደ። «እስኪ ለባጃጅ እንኳ መቶ ብር ስጪኝ። ቀኑን ሙሉ በእናንተ ጉዳይ ቆሜ ዋልኩ።»

ጥሩሐረግ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበችና፣ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«እኔ ሕፃን ነኝ ጋሼ፤ ስለ ገንዘብ ምን አውቃለሁ? ሞግዚቴን ይጠይቁ።»

ብርሃነሽ ጥቂት ወደፊት ቀድማ ነበር፤ የሰማች መሆኗ ከአካሄዷ ያስታውቃል። አልዞረችም። ሐምራዊ ቀለም ባለበት ጣቷ መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና መንገዷን ቀጠለች።